ፈንጂን ስለ ማስወገድና ስለ ሴቶች ድርሻ

ጦርነት ሰውን በሁለት ጊዜ ይጐዳል። አንደኛው ተኩሱ በሚሰማበት ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ግን ተኩሱ ቆሞ ገበሬው ወደ እርሻው፥ እረኛውም ወደ መስኩ ከተመለሰ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ሰው አደጋው ከወዴት እንደሚመጣ ያውቃልና ይሸሻል፥ ወይም ይመክታል። በሁለተኛው ጊዜ ግን አደጋው በአፈር ውስጥ ተሰውሮ ወይም በቍጥቋጦ ሥር ወድቆ ድምፅ ሳያሰማ ይጠብቀዋል። ፈንጂ ውል አይፈርምም፤ ዕርቅንም አይሰማም። የተዋጉት ወገኖች ታርቀው ከአንድ ማዕድ ቢቈርሱ እንኳ፥ በመሬት ውስጥ የቀረው ፈንጂ ወታደሩን ከሕፃኑ ሳይለይ የረገጠውን ሁሉ ያጠፋል።

ይህን ስውር አደጋ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው ማን እንደ ሆነ ማስተዋል ይገባል። ከበሽሎ ወንዝ አንሥቶ እስከ ዓባይ ሸለቆ ድረስ ያለው የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፥ የቦረናና የሳይንት ሕዝብ የሚኖርበት፥ ተድባበ ማርያምን የመሰለ ጥንታዊ ደብር የሚገኝበት አገር ነው። የቦረና ዋና ከተማ መካነ ሰላም ይባላል፤ ትርጓሜውም የሰላም ስፍራ ማለት መሆኑን የግዕዝ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። በዚህ ደጋ ጎሕ ሲቀድ ከቤት የምትወጣው ሴት ናት። ውሃ ለመቅዳት ወደ ምንጭ ትወርዳለች፤ እንጨት ለመልቀም ወደ ገደሉ አፋፍ ትሄዳለች፤ ኩበት ለመሰብሰብ በየመስኩ ትዞራለች፤ አዝመራው ሲበቅል ለአረም ትጐነበሳለች። ልጆችዋም ከብት ይዘው ከመንገድ ውጭ ባለው ጥሻና ሸንተረር ይውላሉ። ስለዚህ ከመንደሩ ሰው ሁሉ ይልቅ መሬቱን በእግርዋና በእጅዋ የምታውቀው፥ ትናንት ያልነበረ ነገር ዛሬ ወድቆ ብታይ ቶሎ የምትለየው እርስዋ ናት።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ወሎ ተስፋፍቶ ደሴንና ኮምቦልቻን ጨምሮ ብዙ ከተሞች የውጊያ ስፍራ ሆነው እንደ ነበር የሚዘነጋ አይደለም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ የሰሜኑ ጦርነት ቢቆምም፥ በዚያው ዓመት ክረምት በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሥቶ ወደ ደቡብ ወሎም ደርሷል። ውጊያ ባለፈበት ስፍራ ሁሉ ያልፈነዳ የእጅ ቦምብ፥ የሞርታርና የመድፍ ጥይት ይቀራል። በትግራይ፥ በአማራና በአፋር ሕፃናት እንዲህ ያለውን ነገር መጫወቻ መስሎአቸው አንሥተው ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ ሌሎችም እጃቸውንና ዓይናቸውን አጥተው ቀርተዋል። ከዚህም በቀር የወሎ ደጋ አፈሩ በጎርፍ የሚታጠብ ዳገታማ አገር ነውና፥ በላይኛው ተረተር የወደቀው ነገር ክረምቱ ሲያልፍ በታችኛው እርሻ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ በሰፈሩ ውጊያ አልተደረገም ብሎ መዘናጋት አይገባም። በዱር የተገኘውን ብረት ለመሸጥ ወደ ገበያ የሚወስደው ሰውም አደጋውን ከአገር ወደ አገር ያዞረዋል።

መከራው በኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። ከ1994 እስከ 1996 ዓ.ም. በመላው አገር በተደረገው የፈንጂ ጉዳት ጥናት 1,492 ቀበሌዎችና መንደሮች በፈንጂና ባልፈነዱ መሣሪያዎች የተጎዱ ሆነው ተመዝግበዋል። በዚሁ ጥናት 16,616 ሰዎች የአደጋው ሰለባ ሆነው ሲገኙ፥ ከነዚህ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጡት የሞቱ ናቸው። እንግዲህ ከተጎዱት መካከል በሕይወት የተረፈው ከሞተው ያነሰ ነው ማለት ነው። በአገር ቤት ከአደጋው ስፍራ እስከ ሐኪም ቤት ያለውን መንገድ ርቀት የሚያውቅ ሰው ይህ ለምን እንደ ሆነ አይጠፋውም።

መንግሥትም ዝም አላለም። የፈንጂ ጽሕፈት ቤት በ1993 ዓ.ም. ተቋቁሞ ብዙ መሬት አጽድቶ ለገበሬው አስረክቧል። ኢትዮጵያ ፀረ ሰው ፈንጂን የሚከለክለውን የኦታዋን ውል ኅዳር 24 ቀን 1990 ዓ.ም. ፈርማ፥ በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ በመጋዘን የነበረውንም ፈንጂ በ2001 ዓ.ም. አጥፍታ ጨርሳለች። በመሬት የተቀበረውን ጠርጎ ለመጨረስ የተሰጠው የዐሥር ዓመት ቀጠሮ ግን አልበቃም፤ በመጀመሪያ እስከ 2012 ዓ.ም.፥ ኋላም እስከ ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. እንዲራዘም አስፈልጓል። ቀጠሮ በወረቀት ላይ ሲራዘም ቀላል ነገር ይመስላል፤ ባልጸዳው መስክ አጠገብ ልጅ ለምታሳድግ እናት ግን እያንዳንዱ የተጨመረ ዓመት የሥጋት ዓመት ነው።

በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ የሴቶች ድርሻ ትንሽ ሆኖ ቆይቷል። ምክንያቱም ግልጥ ነው። ፈንጂ አምካኞቹ ሲመለመሉ አብዛኛዎቹ ከጦር ሠራዊት የመጡ ነበሩ፤ ኋላም ሥራው ወደ መከላከያ ሚኒስቴር ተዛውሯል። ወታደር የፈንጂን ጠባይ ስለሚያውቅ ይህ በራሱ ነቀፋ የለበትም። ነገር ግን የጠያቂው ቡድን አባሎች ሁሉ ወንዶች ሲሆኑ፥ በመንደሩ ሸንጎ ተቀምጠው የሚመልሱትም ወንዶች ብቻ ይሆናሉ። እነርሱም የእርሻውንና የትልቁን መንገድ ነገር በሚገባ ይናገራሉ። የምንጩን ጎዳና፥ እንጨት የሚለቀምበትን ገደል፥ ኩበት የሚሰበሰብበትን ጥግ የምታውቀው ሴት ግን ሳትጠየቅ ትቀራለች። ያልተጠየቀው ስፍራ በካርታው ላይ ንጹሕ ተብሎ ይጻፋል፤ ንጹሕ በተባለው ስፍራም ሰው ይሞታል። እንግዲህ የሴቶች ነገር እዚህ ላይ የሚነሣው ለክብር ብቻ ሳይሆን፥ ያለ እነርሱ ሥራው የተሟላ ስለማይሆን ነው።

አንዳንድ ሰው ፈንጂ ማምከን ለሴት የሚገባ ሥራ አይደለም ይል ይሆናል። ይህን ለሚል ሰው የሌላው ዓለም ሥራ መልስ ይሰጠዋል። በካምቦዲያ፥ በስሪ ላንካና በሊባኖስ ሴቶች ፈንጂ አምካኞች ሆነው ለብዙ ዓመት ሠርተዋል። በአንጎላም ሄሎ ትረስት የተባለው ድርጅት መቶ ሴቶችን ለዚህ ሥራ ለማሠልጠን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2017 ሥራ ጀምሯል። የኦታዋ ውል እንዲደረግ ዓለምን ያነሣሣው ማኅበር በዚያው በ1990 ዓ.ም. የኖቤልን የሰላም ሽልማት ሲቀበል፥ ከማኅበሩ ጋር ሽልማቱን የተካፈለችው ጆዲ ዊልያምስ የተባለች ሴት ናት። ደግሞም ሥራው የጡንቻ ሥራ አይደለም። የብረት መመርመሪያውን ይዞ በተከለለ መሥመር በጉልበት ተንበርክኮ፥ ጣት በጣት እየፈተሹ፥ ሳይቸኩሉና ሳይሰለቹ መዋልን የሚጠይቅ የትዕግሥት ሥራ ነው። ጥልፍ የምትጠልፍና ስፌት የምትሰፋ፥ ጤፍ ከእንክርዳድ የምትለይ ሴት እንዲህ ላለው ትዕግሥት እንግዳ አትሆንም።

በኢትዮጵያም ቢሆን ነገሩ መሠረት የሌለው አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ጠላት የመርዝ ጋዝ ባዘነበ ጊዜ፥ የኢትዮጵያ ሴቶች ለቁስለኛው መጠቅለያ፥ ለዘማቹም የጋዝ መከላከያ ጭንብል በማዘጋጀት ደክመዋል። የዚያን ጊዜው ሞት በአየር የሚመጣ ነበር፤ የአሁኑ በምድር የተደበቀ ነው፤ ሁለቱም ግን ሰላማዊውን ሰው ከወታደሩ አይለዩም።

ነገር ግን ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደ ተባለ፥ ማንም ሰው ሳይሠለጥን ፈንጂን ይንካ የሚል የለም። ያልሠለጠነች ሴት ድርሻዋ ማንሣት ሳይሆን ማስጠንቀቅ ነው፤ የማስጠንቀቂያውም ቃል አጭር ነው። እንግዳ ነገር የታየ እንደ ሆነ አለመንካት፥ ድንጋይ አለመወርወር፥ በእሳትም ለማቃጠል አለመሞከር ይገባል። በፈንጂ ስፍራ ውስጥ መግባቱን ያወቀ ሰው ባለበት ቆሞ ርዳታ መጥራት ነው። ዕቃውን ከሩቅ ያየ ግን ወደ እርሱ ሳይቀርብ በመጣበት ዱካ ተመልሶ፥ ሌላው ሰው እንዳይሄድበት ከሩቅ ምልክት አድርጎ ለሹም መንገር ነው። በቀይና በነጭ ቀለም የተቀባ ድንጋይ በተገኘ ጊዜም፥ ቀዩ ወገን የአደጋው፥ ነጩ ወገን የደኅናው ስፍራ መሆኑን ሕፃን ሁሉ ሊያውቅ ያስፈልጋል። ይህን ትምህርት በየቤቱ ለማድረስ ከእናት የሚበልጥ መምህር አይገኝም። ከተማሪ ቤት የቀረው እረኛ ልጅ ከግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አያነብም፤ የእናቱን ቃል ግን ይሰማል።

እንግዲህ ለሹማምንት የሚቀርበው ነገር ይህ ነው። አንደኛ፥ ስለ ፈንጂ በሚጠየቅበት በማንኛውም ቀበሌ ሴቶች ለብቻቸው ይጠየቁ፤ የሰጡትም ቃል እንደ ወንዶቹ ቃል ይጻፍ። ሁለተኛ፥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አብዛኛዎቹ ሴቶች ናቸው፥ በየቤቱም ይገባሉ፤ ስለዚህ ስለ ክትባትና ስለ ንጽሕና ከሚሰጡት ምክር ጋር የፈንጂን ማስጠንቀቂያ እንዲያስተምሩ ይሠልጥኑ። ሦስተኛ፥ ፈንጂ አምካኞች ሲመለመሉ ሴቶች ይጨመሩ፤ ደመወዛቸው፥ መድናቸውና ማዕርጋቸው ከወንዶቹ አይነስ። አደጋውን እኩል ተካፍላ ዋጋዋን በግማሽ የምትቀበል ሠራተኛ ብትኖር ፍርድ ጐድሏል። አራተኛ፥ የሴቲቱ ወሬ ለቀበሌው ሹም ከደረሰ በኋላ በማን በኩል ወደ አምካኞቹ እንደሚሄድ አስቀድሞ ይወሰን። ሰሚ ያጣ ማስጠንቀቂያ ሁለተኛ ጊዜ አይነገርምና።

ለካህናትም የሚቀርብ ነገር አለ። ሕዝብ በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ተሰብስቦ ሲቆም፥ ሼኾችም በዓርብ በመስጊድ ሲሰበስቡት፥ የማስጠንቀቂያውን ቃል ለመንገር ከዚህ የተመቸ ጊዜ አይገኝም። በወሎ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ቅሬ ሙታኑን አብሮ የሚቀብር ሕዝብ ነውና፥ ለመቅበር የሚሰበሰበው ቅሬ ሞትን ለመከልከልም ቢሰበሰብ ሥራው የበለጠ ይከብራል። በኦሪት ዘጸአት በ21ኛው ምዕራፍ ጕድጓድ ቈፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው፥ የባልንጀራው በሬ ቢገባበት ባለዕዳ እንዲሆን ተደንግጓል። ስለ በሬ እንዲህ ከተደነገገ፥ ጕድጓዱ ያለበትን ስፍራ እያወቀ ለሰው ልጅ ሳይናገር የሚቀር ሰው ዕዳው ምን ያህል እንደሚከብድ መምህራን ለሕዝቡ ሊያስረዱ ይገባቸዋል። ተዋጊ የነበረ ሰውም የቀበረውን ስፍራ በንስሓ ጊዜ ለአባቱ ከመናገር አልፎ፥ ሕይወት እንዲድን ለሚመለከተው ሹም እንዲያመለክት ይመከር።

አስቀድሞ የተጎዱትም አይረሱ። በደሴ ሰው ሠራሽ እግርና እጅ የሚሰጥበት የተሐድሶ ማእከል አለ፤ ከመካነ ሰላምና ከሳይንት ገጠር እስከዚያ ለመድረስ ግን ረጅም መንገድ፥ ገንዘብና የሚደግፍ ሰው ያስፈልጋል። በቤት የቀረውን ጕዳተኛ የምታጥበውና የምታጐርሰው፥ ስለ እርሱም የምትለምነው ሚስቱ ወይም እናቱ ናት። ለመንገዱ የሚሆን ጥቂት ርዳታ ከወረዳው ቢገኝ፥ ከአንድ ጕዳተኛ ጋር አንድ ቤተ ሰብ ይነሣል።

የአንድ አገር ሰላም በተፈረመ ወረቀት ብቻ አይለካም። ሴት ውሃ ቀድታ በደኅና መመለስዋ፥ ልጅም ከብቱን ይዞ ሲመሽ በሁለት እግሩ ወደ ቤቱ መግባቱ የሰላም መለኪያ ነው። መካነ ሰላም ተብሎ የተሰየመው አገር መሬቱም እንደ ስሙ ይሆን ዘንድ፥ መሬቱን ከሁሉ ይልቅ የምታውቀው ሴት ቃልዋ ይሰማ፤ ትምህርቱም መሣሪያውም ይሰጣት።