ከጋራዡ መጀመሪያ ምን ይውጣ?

ነሐሴ ሲጋመስ አዲስ አበባ ውስጥ የብዙ ቤት ጋራዥ ይከፈታል። መኪና ሊገባበት አይደለም፤ መኪናዋማ ከተሸጠች ወይም ውጭ በሸራ ተሸፍና ማደር ከጀመረች ስንት ዓመቷ። በቦታዋ የገባው እግሩ የተሰበረ አልጋ፣ የሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና፣ ክዳኑ የጠፋ መሶብ፣ ካሴት የሞላው ካርቶን፣ “ለአጥር ይሆናል” የተባለ ቆርቆሮና ማን እንዳስቀመጠው የማይታወቅ ጀሪካን ነው። ጋራዥ የሌለው ሰርቪስ ቤቱን ወይም የኮንዶሚኒየሙን በረንዳ በዚያው ዓይነት ሞልቶታል። እንቁጣጣሽ ሲቃረብ “ዘንድሮስ ይውጣ” ይባላል።

ሰው ሲያጸዳ የሚጀምረው ከትልቁ ነው፤ ቦታ የያዘው ያናድዳልና። እኔ በጤና ጣቢያ በሠራሁባቸው ዓመታት ያረጀ አልጋ ወድቆበት የመጣ ሕፃን ያየሁት ጥቂት ነው። ከጠርሙስ ጠጥቶ የመጣ ግን ብዙ ነው። ስለዚህ የልጅ ልጅ በሚሯሯጥበት ቤት መጀመሪያ የሚወጣው ፈሳሹና ዱቄቱ ይሁን እላለሁ። አልጋው አንድ ሳምንት ቢቆይ ማንንም አይገድልም።

በመጀመሪያ ነጭ ጋዙን ፈልጉ። መብራት ሲጠፋ ለፋኖስ፣ ወይም ለጋዝ ምድጃ ተብሎ በሃይላንድ ፕላስቲክ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ የተቀመጠ አይጠፋም። መልኩ ውሃ ነው። የሁለት ዓመት ልጅ የሚያውቀው ጠርሙሱን ነው፤ ሽታው አያግደውም። ልጁ ከጠጣ ቤት ያለው ሰው ደንግጦ ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ይከታል፣ ወይም ወተት ይግተዋል። ሁለቱም አይደረግ። የነጭ ጋዝ ዋናው ጉዳት ሆድ ላይ ሳይሆን ሳንባ ላይ ነው፤ ሲያስመልሰው ወደ አየር ቧንቧ ይገባና ሳንባውን ያቆስለዋል። የረጠበ ልብሱን አውልቁለት፣ ቆዳውን በውሃና በሳሙና እጠቡት፣ ጠርሙሱንም ይዛችሁ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። እየሳቀ ሲጫወት ቢታይም ሂዱ። ሳሉ፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈሱና ትኩሳቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ቀጥሎ የተባይ መድኃኒቱ ነው። ለእህል ነቀዝ የተገዛ ማላታዮን፣ የአይጥ መርዝ፣ አንዳንድ ቤት ደግሞ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዲዲቲ ይገኛል። ጊዜው ያለፈበት መርዝ መርዝነቱን አይተውም። ቱቦ ውስጥ አይደፋም፣ ከቆሻሻም ጋር አይቃጠልም። በራሱ ዕቃ እንደታሸገ ከልጅ አርቃችሁ ቆልፉበትና የወረዳውን ጤና ወይም ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ባዶውም ጀሪካን ቢሆን ነገር አለው። በር ላይ “ቆራሌው!” ሲባል ዕቃውን አውጥቶ መገላገል ቀላል ነው። ጀሪካኑ ግን መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፣ ይታጠባል፣ ተመልሶ ይሸጣል። የእነዚያን ሰዎች ሥራ አደንቃለሁ፤ ይህች ከተማ ያለ እነሱ በራሷ ቆሻሻ በተዋጠች ነበር። ውስጡ ምን እንደነበር ግን የምናውቀው እኛ ብቻ ነን። የእኛ ጀሪካን ነገ የሌላ ሰው ዘይት መያዣ ነው። መርዝ የነበረበት ዕቃ ስንት ጊዜ ቢታጠብ ለምግብና ለውሃ አይሆንም፤ ጓንት አድርጋችሁ ከሥሩ ብሱትና ማንም እንዳይጠቀምበት አድርጋችሁ አስወግዱ።

የመድኃኒት ካርቶንም አለ። አያት ካረፉ በኋላ “ማን ያውቃል” ተብሎ የተቀመጠ የስኳርና የደም ግፊት ክኒን። የስኳር ክኒን አንዷ እንኳ የትንሽ ልጅን ስኳር አውርዳ ራሱን ልታስት ትችላለች። ያረጀ ቴትራሳይክሊን ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል፤ ቁስል ላይ መነስነሱም ቢሆን ጥቅም የለውም፣ ልማድ ሆኖብን ነው እንጂ። ወደ ጤና ተቋም ወይም መድኃኒት ቤት ወስዳችሁ እንዲያስወግዱላችሁ ጠይቁ። የቀድሞው መኪና ባትሪ አሲድና እርሳስ ያለበት ስለሆነ ልጅ አይንካው። የቆመ ማቀዝቀዣም ካለ በሩ ይነቀል፤ ድብብቆሽ የሚጫወት ልጅ ገብቶ ከተዘጋበት ከውስጥ መክፈት ሊያቅተው፣ ጩኸቱም ላይሰማ ይችላል።

አሁን ወደ እኛ ወደ ትልልቆቹ። “ሚስማር ወጋኝ፣ ግን ዝገት የለውም” የሚል ሰው ብዙ ነው። መንጋጋ ቆልፍን የሚያመጣው ዝገቱ አይደለም፤ ተህዋሲው የሚኖረው በአፈር፣ በአቧራና በእበት ነው። የሕፃናት ክትባት በአገራችን በፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ስለሆነ የእኛ ዕድሜ ሰው በሕፃንነቱ አልተከተበም ማለት ይቻላል። እናቶች በእርግዝና ጊዜ ያገኙ አሉ። አባቶች ግን፣ ያንን ጋራዥ በሸበጥ ገብተው የሚያገላብጡት እነሱ ናቸውና፣ ብዙዎቹ አንድም ጊዜ አልተወጉም። ቁስሉን በብዙ ውሃና በሳሙና ታጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ሕመሙ ከቀናት እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሊነሳ ስለሚችል “ቁስሉ ድኗል” ብሎ መዘናጋት አይገባም።

የአይጥ ኩስ ካለ በደረቁ አትጥረጉት። በርና መስኮት ከፍታችሁ፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ አርሱት፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ በጨርቅ አንሱት። በርጩማ ላይ ቆሞ ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ ማውረድ ደግሞ የልጆቹ ሥራ ይሁን። በእኛ ዕድሜ የዳሌ አጥንት ተሰብሮ መተኛት ቀላል ነገር አይደለም።

እስካሁን ያልኩት ስለ መርዙና ስለ አደጋው ነው። የተረፈው ዕቃ ግን ከዚያ ይከብዳል፤ ባለቤት አለዋ።

የሰፈሬ አንዲት እናት ሰማንያን አልፈዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጆቻቸው ከውጭ መጡና እሳቸው ለፍልሰታ ሱባዔ ሲገቡ ዕቃ ቤቱን በሁለት ቀን ባዶ አደረጉት፣ ቀለምም ቀቡት። በፍቅር ነው ያደረጉት፤ እናታቸው በንጹሕ ቤት እንዲኖሩ። ጾሙ ሲፈታ መጥተው አዩ፣ መረቁ። ቆየት ብለው “አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ነበረች” አሉ። ውስጧ ወታደር ልጃቸው ከአስመራ የጻፈላቸው አራት ደብዳቤዎች ነበሩ። ልጁ አልተመለሰም። ቆርቆሮዋ ከሌላው ቆርቆሮ ጋር ሄዳለች። “ምንም አይደል” አሉ። መስከረምን ሙሉ ግን ግፊታቸውን ልለካ ስሄድ እያየኋቸው ያንን በር ይከፍታሉ፣ ያያሉ፣ ይዘጋሉ።

ልጆች ሆይ፣ በተለይ ለሁለት ሳምንት ፈቃድ የምትመጡ፣ እናትና አባት በሌሉበት ዕቃቸውን አታውጡ። ወንበር አምጡላቸው፣ ቡና ይፈላ፣ በቀን አንድ ካርቶን ብቻ ይከፈት። “ይጣል?” ብላችሁ ከጠየቃችሁ “ይቀመጥ” ነው መልሱ፤ እኔም ብጠየቅ እንደዚያው ነው የምለው። “ይሄ የማን ነበር?” በሏቸው። ታሪኩን ሲያወሩ በስልካችሁ ቅዱት። ብዙ ጊዜ አውርተው ሲጨርሱ ራሳቸው “በቃ ለእገሊት ስጧት” ይላሉ። ማስታወስ እየተሳናቸው ያሉ ወላጆች ከሆኑ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አታንሱባቸው። የለመዱት ዕቃ ሲጠፋባቸው ቤቱ የራሳቸው አልመስል ይላቸዋል።

ወረቀት ደግሞ እያንዳንዱ ሳይታይ አይውጣ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ ስንቱ ቤተሰብ የኪራይና የግብር ደረሰኝ፣ የቤት ሰነድና የቀበሌ ደብዳቤ በላስቲክ ጠቅልሎ እንዳስቀመጠ የምናውቀው ነው። ውርስና ይዞታ ሲነሳ የሚፈለገው ያው ቢጫ ወረቀት ነው። የልጆች የክትባት ካርድና የትምህርት ቤት ሰርተፊኬትም ከዚያው ይገኛል። ክረምቱ ሻጋታ ሳያበላሸው ፎቶ አንሱትና ደረቅ ቦታ አስቀምጡት።

አሮጌ ልብስ ለልዋጭ ከመስጠታችሁ በፊት ኪሱንና ገበሩን ዳብሱ። እናቶቻችን ብር የሚሰፉት እዚያ ነው። ወርቅም ሊወጣ ይችላል። የወጣው የድሮው መቶ ብር ከሆነ ግን በመስከረም 2013 ዓ.ም. የገንዘብ ኖቱ ሲቀየር የመለወጫው ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ነበርና አሁን ባንክ አይቀበለውም። ለባለቤቷ ስትነግሩ ቀስ ብላችሁ ይሁን።