የቁም ሽቱ

ከፖለቲካው ሰፈር ራቅ ብዬ ስጽፍ «ይኼ ሰውዬ ዛሬ ደግሞ ሰባኪ ሆነ እንዴ?» የሚል ወዳጅ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አልሆንኩም። የስብከቱን ወንበር ለባለቤቶቹ ትቼ፣ አንድ የወንጌል ታሪክ በቀድሞ ሙያዬ፣ ማለትም በጋዜጠኛ ዐይን፣ አብረን እንድናነብ ነው የፈለግሁት። ሃይማኖታችሁ ሌላ የሆነ ወገኖቼም እስከ መጨረሻው ብትዘልቁ፣ ነገሩ እናንተንም የሚመለከት ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ታሪኩ የሆነው ቢታንያ ነው። ቢታንያ ከኢየሩሳሌም በስተምሥራቅ፣ ከደብረ ዘይት ተራራ ጀርባ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ መንደር ናት፤ ዛሬም በአልዓዛር ስም አል-ዐይዘሪያ ትባላለች። ጊዜው የፋሲካ ሰሞን ነው። የካህናት አለቆች ጌታን በተንኮል ለመያዝ ይመክራሉ። እርሱ ለምጻም ተብሎ በሚጠራው በስምዖን ቤት ማዕድ ቀርቦ ሳለ፣ አንዲት ሴት የአልባስጥሮስ ብልቃጥ ይዛ ገባች። በውስጡ ያለው ንጹሕ የናርዶስ ሽቱ ነው። ብልቃጡን ሰበረችና ሽቱውን በራሱ ላይ አፈሰሰችው። በማዕዱ ከነበሩት አንዳንዶቹ ተቆጡ፤ ይህ ሁሉ ሽቱ ከሚባክን ከሦስት መቶ ዲናር በላይ ተሽጦ ለድሆች ቢሰጥ ይሻል ነበር አሉ። ጌታ ግን እንዲተዋት ነገራቸው። ሥራዋ መልካም መሆኑን፣ ሥጋውን ለመቃብር አስቀድማ መቀባቷን፣ ወንጌል በሚሰበክበት ሁሉ እርሷም እንደምትታወስ ገለጸላቸው።

ለአንድ ነገር ብዙ ምስክር ሲገኝ ጋዜጠኛ ደስ ይለዋል። ማርቆስና ማቴዎስ የሴቲቱን ስም አይነግሩንም፤ ዮሐንስ ግን የማርታና የአልዓዛር እህት ማርያም ናት ይላል። ማርቆስና ማቴዎስ ሽቱው የፈሰሰው በራሱ ላይ ነው ሲሉ፣ ዮሐንስ እግሩን ቀብታ በጠጉሯ እንዳበሰችው ይተርካል። ማን እንደ ተቆጣ ስንጠይቅም፣ ማርቆስ ስም ሳይጠራ ያልፈዋል፤ ማቴዎስ ደቀ መዛሙርቱ ናቸው ይላል፤ ዮሐንስ ደግሞ በቀጥታ ይሁዳን ይጠራል። አንድ ነገር ላይ ግን ሦስቱም ይስማማሉ፤ የሽቱው ዋጋ በማዕዱ ላይ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር።

እስቲ እኛም እንተምነው። ናርዶስ የሚበቅለው በሂማላያ ተራሮች ነው፤ ከነጋዴ ነጋዴ እየተቀባበለ የሚመጣ የሩቅ አገር ዕቃ ነበር። ዮሐንስ መጠኑን አንድ ንጥር ይለዋል፤ በዛሬ ሚዛን 330 ግራም ገደማ ነው። ዲናሩስ? በማቴዎስ ወንጌል የወይኑ አትክልት ባለቤት ለቀን ሠራተኛ የተስማማው አንድ ዲናር ነው። ሰንበቱንና በዓሉን ስትቀንሱ፣ ሦስት መቶ ዲናር የአንድ ሙሉ ዓመት የጉልበት ዋጋ ይሆናል። ወደ እኛ ኑሮ ስንመልሰው፣ በሰዓት 15 ዶላር የሚከፈለው ሰው በቀን 8 ሰዓት 300 ቀን ቢሠራ የሚያገኘው 36,000 ዶላር ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ማዕድ ላይ ፈሶ የቀረው መዓዛው ብቻ ነው።

ስለዚህ የተቆጡትን ሰዎች አንናቃቸው። ደቀ መዛሙርቱ በምድረ በዳ ለተሰበሰበው ያን ያህል ሕዝብ እንጀራ ስለ መግዛት ሲያወሩ የጠቀሱት ገንዘብ ሁለት መቶ ዲናር ነበር። ሦስት መቶ ዲናር የዋዛ አይደለም። የጌታም መልስ ድሃን ችላ በሉ ማለት አይደለም። ድሆች ከመካከላቸው እንደማይጠፉ ሲነግራቸው የሚያስታውሳቸው የኦሪት ዘዳግምን ምዕራፍ 15 ነው፤ እዚያ ያለው ቃል ደግሞ የሚቋጨው ለተቸገረ ወንድም እጅን መዘርጋት ግዴታ ነው በማለት ነው። ለመርዳት ለፈለገ በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነበር። ታዲያ ማን ከለከላቸው?

እኔን የሚገርመኝ ከተቆጡት መካከል ስለ ራሱ ከረጢት የተናገረ አለመኖሩ ነው። ሁሉም ቸር የሆነው በሴትዮዋ ሽቱ ነው። ይህ ዓይነቱ ቸርነት ለእኛም የስብሰባ አዳራሾች እንግዳ አይደለም። ስለ ድሃው ሕዝባችን እስከ እኩለ ሌሊት ሲከራከሩ አምሽተው፣ የአዳራሹ ኪራይ መዋጮ ሲጠየቅ ካፖርታቸውን አንሥተው ወደ በሩ የሚያመሩትን ስንቱን ታውቃላችሁ!

በዚያው በማቴዎስ ምዕራፍ ሁለተኛ ዋጋም አለ። የሽቱው ታሪክ እንዳለቀ ይሁዳ ወደ ካህናት አለቆች ሄዶ ስንት እንደሚከፍሉት ጠየቀ፤ ሠላሳ ብር መዘኑለት። አንዲት ሴት ዋጋ ሳትጠይቅ ያላትን ሰጠች፤ አንድ ሰው ዋጋ ጠይቆ መምህሩን ሰጠ። የዕለቱ አዘጋጅ እኔ ብሆን ሁለቱን ዜና ጎን ለጎን አወጣቸው ነበር፤ ወንጌላዊው ቀደመኝ።

የብልቃጡንም መሰበር ልብ በሉ። ጥቂት ጠብታ አንጠባጥባ የቀረውን ለክፉ ቀን ብታስቀምጥ ምናልባት ማንም ባልተቆጣ ነበር። የተሰበረ ብልቃጥ ግን አይከደንም። «ይህን ያህል ላንተ፣ ይህን ያህል ለእኔ» የሚለው ስሌት እዚያው ያበቃል። ራስን መስጠት የሚባለው ይህ ይመስለኛል፤ ቁም ነገሩ የገንዘቡ ብዛት ሳይሆን መመለሻ አለማስቀረቱ ነው። ለዚህ ማስረጃው ሩቅ አይደለም። ማርቆስ ሁለት ምዕራፍ ቀደም ብሎ፣ በመቅደሱ ሣጥን ሁለት ናስ ስለ ጣለች ድሃ መበለት ጽፏል። በሮማውያን የገንዘብ ስሌት ሁለቱ ናስ ተደምረው የዲናር ስድሳ አራተኛ እጅ ናቸው። ብታሰሉት የሽቱው ዋጋ ከመበለቲቱ ስጦታ 19,200 እጥፍ ይበልጣል። ጌታ ግን ሁለቱንም አመሰገነ፤ ሁለቱም ለራሳቸው አላስቀሩምና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጌታ የሴቲቱን ሥራ ከመቃብሩ ጋር አያይዞ፣ አስቀድማ እንደ ቀባችው ተናገረ ብለናል። ይህን ለመረዳት እኛ ኢትዮጵያውያን ሩቅ መሄድ የለብንም፤ «የቁም ተዝካር» የሚል ቃል ያለን ሰዎች ነን። ልጅ የሌለው ወይም ወራሹን የማያምን ሽማግሌ በሕይወቱ ሳለ ድግሱን ደግሶ፣ ካህናቱን ጠርቶ፣ ድሃውን አብልቶ ተዝካሩን ያወጣ ነበር። በቢታንያ የሆነውም የቁም ተዝካር ነው። ልዩነቱ ደጋሹ ሟቹ ራሱ አለመሆኑ ነው። የሚወዱት ሰው ገና እየበላ፣ እየሰማ፣ መዓዛው እየሸተተው ሳለ የተደረገ ነው።

ከሞቱ በኋላማ ሽቱ ሞልቶ ነበር። ኒቆዲሞስ ለቀብሩ መቶ ንጥር የሚያህል የከርቤና የእሬት ቅልቅል ይዞ መጣ። የማርያም አንድ ንጥር፣ የእርሱ መቶ! ኒቆዲሞስን ለመንቀፍ አይደለም፤ ሌሎች ሲሸሹ በአደባባይ መቅረቡ ጀግንነት ነው። ነገር ግን መቶው ንጥር የደረሰው ለማይሰማ ሥጋ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን በዐቢይ ጾም ሰባተኛውን እሑድ በስሙ ኒቆዲሞስ ትለዋለች፤ በዚያ እሑድ የሚነበበው ወንጌል ግን የመቶውን ንጥር ነገር ሳይሆን፣ ጌታ በሕይወት ሳለ በሌሊት ሊጠይቀው መምጣቱን የሚተርከው ነው። እሑድ ማለዳ ሽቱ ይዘው ወደ መቃብር የገሠገሡት ሴቶችም የሚቀቡት ሥጋ አላገኙም። የትንሣኤው ደስታ እንዳለ ሆኖ፣ የያዙት ሽቱ ግን ከእጃቸው ሳይወጣ ቀረ። በጊዜው የደረሰው የቢታንያው ብልቃጥ ነበር።

ወገኖቼ፣ እኛ በስደት ያለን ሰዎች የመቶ ንጥር ሰዎች ነን። ባለፈው ዓመት በብርዱ ወራት በምኖርበት ከተማ አንድ አዛውንት ዐረፉ። በአገር ቤት መምህር ነበሩ፤ እዚህ ዘመድ አልነበራቸውም። መርዶው በተሰማ በሁለተኛው ምሽት፣ ሬሳቸውን ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚያስፈልገው ገንዘብ ተሟላ። መዋጮውን ከመዘገቡት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ የሰልፉ ርዝመት አኩርቶኛል። ወገን ወገኑን በባዕድ መሬት አይጥልም። ይህን ባህላችንን ማንም እንዲያጣጥልብኝ አልፈልግም።

በማግስቱ ጥቂት ሆነን ዕቃቸውን ለመሰብሰብ ወደ አፓርትማቸው ሄድን። የሕንፃው ጥገና ሠራተኛ በሩን ከፍቶልን ደጅ የቆመውን ሰው ሁሉ አየና «እነዚህ ሁሉ ዘመዶቻቸው ናቸው?» ሲል ጠየቀኝ። ወገኖቻቸው መሆናችንን ነገርኩት። «ስምንት ወር ታመው ሲተኙ የማየው አንዲት ሴት ብቻ ነበር» አለኝ።

ሴቲቱን አፈላልጌ አገኘኋት። ሆስፒታል ውስጥ በሌሊት ፈረቃ የምታጸዳ፣ የሁለት ልጆች እናት ናት። ጠዋት ከሥራ ስትወጣ በፔርሙዝ አጥሚት ይዛ ትገባለች፤ ጥፍራቸውን ትቆርጣለች፤ ከአገር ቤት ደብዳቤ የመጣላቸው እንደ ሆነ ታነብላቸዋለች፤ ከዚያ ቤቷ ሄዳ የቀረችውን ሰዓት ትተኛለች። ዝምድና እንዳላቸው ብጠይቃት «ኧረ የለንም! አባባ ብቻቸውን ነበሩ እኮ» አለችኝ፤ ሌላ ምክንያት አልሰጠችኝም። የሥራ ጓደኞቿ «ያንን ሰዓት ተጨማሪ ሥራ ብትሠሪበት ለልጆችሽ አይሻልም?» ይሏት ነበር አሉ። ምክሩ ትክክል ነው፤ ልክ እንደ ሦስት መቶ ዲናሩ ትክክል ነው። የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ግን ከእንቅልፍ የበለጠ ውድ ነገር የላትም፤ እሷም የሰበረችው ያንን ብልቃጥ ነው። ቤቴ ገብቼ መዝገቡን ገለጥኩት። ከስሟ ትይዩ በእጄ የጻፍኩት ሃያ ዶላር ነው፤ በገጹ ላይ ከእሱ ያነሰ የለም።

«ሁላችንም እንደሷ እንሁን» ብል ቀላል ነው፤ ኑሮው ግን ቀላል አይደለም። ወረቀቱ ያልወጣለት ወንድማችን እናቱ ብትታመም ተነሥቶ መሄድ አይችልም። በዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህታችን ፓስፖርቷ በአሠሪዋ መሳቢያ ተቆልፎባት ይሆናል። ይህ ታሪክ እንዲህ ላለውም ሰው መልስ ያለው ይመስለኛል። ጴጥሮስ የጌታን ሞት ሲሰማ ሊከለክል ሞክሮ ተገሠጸ። ሌሎቹ ስለ ሞቱ እየተነገራቸው ማን ይበልጣል ብለው በመንገድ ተከራከሩ። የቢታንያዋ ሴት አልከለከለችም፤ አልተከራከረችም። የሚመጣውን ማስቀረት አልቻለችም፤ ጌታም የመሰከረላት በአቅሟ ያለውን በማድረጓ ነው። ለእግዚአብሔር ፈቃድ ራስን መስጠት እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። በእጅ ያልሆነውን ለእርሱ ትቶ፣ በእጅ ያለውን ሳይሰስቱ መስጠት ነው።

የእኛ ስደት ግን ሁሉን ነገር ከድነን የምናስቀምጥበት ጓዳ እየሆነ ነው። ፍቅራችንን «ወረቀቴ ሲወጣ»፣ «ቤቱን ስገዛ»፣ «አገር ሰላም ሲሆን» በሚል ክዳን ገጥመነዋል። እናት በስልክ ድምፅ ብቻ ታረጃለች። ወንድም ከወንድሙ በፖለቲካ ተኳርፎ፣ ዕርቁን ለአንዳቸው ለቅሶ ያቆዩታል። በሕይወት ሳለ «አመሰግናለሁ» ያልተባለ መምህር በሬሳ ሣጥኑ ፊት የሕይወት ታሪኩ ሦስት ገጽ ሆኖ ይነበብለታል። አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ያሉት ለዚህ ነው።

በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ቀን ስሟ «የመዓዛ ቀን» ነው፤ ያቺን ሴት ለማሰብ። ዮሐንስ ቤቱ በሽቱው መዓዛ እንደ ሞላ ይነግረናል፤ የተቆጡትም ሰዎች ያንኑ መዓዛ ማሽተታቸው አልቀረም። እናንተም በአእምሯችሁ የመጣውን ሰው ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። በጉዞ የሚደረስበት ከሆነ ሂዱ፤ የማይደረስበት ከሆነ ደውሉ፤ ስትደውሉም እንደ ልማዳችን «ሁሉ ሰላም» ብላችሁ አትዝጉት፤ ለቅሶ ላይ ልትናገሩለት ያሰባችሁትን ራሱ እየሰማ ንገሩት። ሬሳ ለመላክ የሚሰበሰበው ገንዘብ መቼም ቢሆን አይጎድልም፤ በዚህ ወገኔን አውቀዋለሁ።