ከኦፕራሲዮን በኋላ ጣት ላይ የምትሰካዋ ማሽን ለጥቁር ቆዳ ትሠራለች?

ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው አስታማችሁ ከሆነ ታውቋታላችሁ። እንደ ልብስ መቆንጠጫ ጣት ላይ ትሰካለች፣ ስክሪኑ ላይ 97 ወይ 98 ይመጣል፣ እኛም "ተመስገን" እንላለን። ግን ቁጥሩ ለሁሉም ሰው እኩል ይታመናል ወይ?

ከመጀመሪያው እንነሳ። ኦፕራሲዮኑ አለቀ ማለት አደጋው አለቀ ማለት አይደለም። የማደንዘዣውና የማስታገሻው ርዝራዥ ሰውነት ውስጥ እያለ ትንፋሽ ሊዳከም ይችላል። ታካሚው መጀመሪያ ሪከቨሪ ክፍል የሚቆየው ለዚህ ነው።

እዚያ ከሚሠራባቸው መመዘኛዎች ታዋቂው እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው "አልድሬት" ነው። አምስት ነገር ያያል፦ እንቅስቃሴ፣ አተነፋፈስ፣ የደም ግፊት፣ ንቃትና የቆዳ ቀለም። ለእያንዳንዱ እስከ 2 ነጥብ፣ ድምሩ ከ10። በአብዛኛው 9 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ከሪከቨሪ ይወጣል።

እዚህ ጋ ልብ በሉ። ለቀለም ሙሉ 2 ነጥብ የሚያገኘው ቆዳው "ሮዝ" የሆነ ሰው ነበር። ሮዝ! ጠይሙስ? ጥቁሩስ? በ1995 ቀለም ወጥቶ በዚህችው ማሽን የኦክስጅን ቁጥር ተተካ። ነገሩ የተፈታ መሰለ።

አልተፈታም። ማሽኗ የምትለካው በጣት ውስጥ ብርሃን አሳልፋ ስለሆነ የቆዳ ጥቁረት ልኬቱን ሊያዛባው ይችላል። በ2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት፣ ማሽኗ ደህና ቁጥር እያሳየች በደም ምርመራ ግን ኦክስጅናቸው ወርዶ የተገኙ ታካሚዎች ከነጮች ይልቅ በጥቁሮች ዘንድ 3 እጥፍ ገደማ መሆናቸውን አሳይቷል። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2025 መጀመሪያ ባወጣው ረቂቅ መመሪያ፣ አምራቾች የተለያየ የቆዳ ቀለም ባላቸው 150 እና ከዚያ በላይ ሰዎች ላይ እንዲፈትሹ መክሯል። ምክር ነው እንጂ አያስገድድም። ቀድሞ የተገዛውን ማሽንም አይቀይረውም።

ለኛ ይሄ የሩቅ ወሬ አይደለም። ስለዚህ ማሽን የሚገዛ ሆስፒታል ዋጋውን ብቻ ሳይሆን "በማን ቆዳ ላይ ተፈትሾ ነው?" ብሎ መጠየቅ አለበት ባይ ነን።

ማሽኗ ትጣል እያልን አይደለም፤ አለመኖሯ የባሰ ነው። ግን ቁጥሩ ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። ስታስታምሙ ሰውየውን እዩት። ትንፋሹ ከዘገየ፣ ማንኮራፋቱ ከበዛ፣ ስትጠሩት ካልነቃ "98 ነው እኮ" ብላችሁ አትቀመጡ፤ ነርስ ጥሩ። ኦፕራሲዮን የምትገቡ ደግሞ የጥፍር ቀለማችሁን አስለቅቁ፣ እሱም ቁጥሩን ያዛባል።