ማሳው ከተማ ሲሆን

ከአያት አልፎ ቦሌ አራብሳ የሚደርስ ሰው፣ እነዚያ የኮንዶሚኒየም ሕንጻዎች የቆሙበት መሬት በቅርብ ጊዜ የእህል ማሳ እንደነበር ማስታወስ ይገባዋል። መሬት ለገበሬ ለልጅ የሚያወርሰው ሀብት፣ ለክፉ ቀን መጠጊያ፣ በሸንጎ የሚያስከብር ስም ነው። ጢሰኛውን ለዚህ ክብር ያበቃው የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው፤ ትልቅ ሥራ ነበር። ከዚያም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም አለ። ከተማ እስኪመጣ ድረስ ይህ ጋሻ ነበር፤ ገበሬው በድርቅ ዓመት ማሳውን ለአራጣ አበዳሪ ሸጦ አይሰደድም። ከተማ ሲመጣ ግን ካሳው የሚሰላው መሬቱ በሊዝ ጨረታ በሚያወጣው ዋጋ ሳይሆን ማሳው በሚያስገባው የምርት ገቢ ነው። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ይባዛ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ማባዣውን 15 አደረሰው። መሻሻሉ እሰየው፣ የሚባዛው ግን ያው የጤፍ ገቢ ነው። ይህን የተረዳ ገበሬ የልማት ተነሺ ከመሆኑ በፊት መሬቱን በድብቅ ቆርሶ ለከተሜ ይሸጣል። በገጠር መሬት ዋጋ ርካሽነት የተሳበው ገዢም ካርታ የሌለው የጨረቃ ቤት ሠርቶ፣ አፍራሽ ግብረ ኃይል መጣ በተባለ ቁጥር ልጆቹን ይዞ ይሳቀቃል። ሁለቱንም ሕገ ወጥ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ጥፋቱ የሚጀምረው ከካሳው ስሌት ነው እላለሁ። የተነሣ ገበሬ ከመሬቱ በሚሰበሰበው የሊዝ ገቢ ላይ፣ አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ ሳይሆን በየዓመቱ የሚደርሰው፣ ለልጆቹም የሚተላለፍ ድርሻ በሕግ ሊኖረው ይገባል።