መብት ለማን ተጻፈ?

እ.ኤ.አ. 1791 ስለ መብት ብዙ የተጻፈበት ዓመት ነበር። ይሁን እንጂ ታሪክን በጥሞና ለሚመረምር ሁሉ ዋናው ጥያቄ፣ ምን ተጻፈ ሳይሆን ለማን ተጻፈ የሚለው ነው።

በፈረንሳይ፣ በጁን 14 የወጣው የለ ሻፕልዬ ሕግ ሠራተኞች እንዳይደራጁና አድማ እንዳይመቱ አገደ። በሴፕቴምበር የጸደቀው ሕገ መንግሥትም የሦስት ቀን ደመወዝ የሚያህል ግብር መክፈል ያልቻለውን ድኻ ከመራጭነት አገለለ። በዲሴምበር 15 በአሜሪካ የመብቶች ድንጋጌ ሲጸድቅ፣ በዚያችው አገር በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁሮች እንደ ከብት ይሸጡና ይለወጡ ነበር። ለእነዚህ ጭቁኖች መብቱ፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆኖ ቀረ።

ይህን ተቃርኖ ያጋለጡት የሳን ዶሚንግ ባሮች ናቸው። ሰው ሁሉ ነጻ ሆኖ እንደሚወለድ በ1789 ያወጀችው ፈረንሳይ፣ እነርሱን በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ በጅራፍ ትገዛ ነበር። በኦገስት 22 ሌሊት በአንድነት ተነሡ። ባርነት በፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች እንዲቀር የታወጀው ከዚህ ትግል በኋላ፣ በ1794 ነው። ናፖሊዮን የላከውንም ሠራዊት ድል ነሥተው፣ በጃንዋሪ 1 ቀን 1804 የሄይቲን ነጻነት አወጁ።

እንግዲህ የዚያ ዓመት ትምህርት ግልጽ ነው። መብት በወረቀት ላይ ስለ ሰፈረ ብቻ የሁሉ አይሆንም፤ የሁሉ የሚያደርገው የተነፈጉት ሰዎች ትግል ነው።