የመቆም መብት

የአልፕስ ተራሮችን ከተሞች ለሚጎበኝ ሰው ከሚሰጡት ምክሮች አንዱ «መኪና ተከራይ» የሚል ነው። ኢንስብሩክ የደረሰ እንግዳ ቁልፉን ተረክቦ በብሬነር በር በኩል ጣሊያን ድረስ ዘልቆ፣ በየመንደሩ እየቆመ ውሎ፣ ማታ መኪናውን ያስረክባል። በር ከተባለ ግን እኛም በር አለን። ብሬነር ከባሕር ወለል በላይ 1,370 ሜትር ገደማ ነው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በፈረንሳይ አልፕስ አስፋልት ከለበሱት በሮች እጅግ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ የሆነው ኢዝራን እንኳ 2,800 ሜትር አይሞላም። ታዲያ ውድ አንባቢ ሆይ፣ በጣርማ በር ስንት ጊዜ አለፍህ? ስንት ጊዜስ ቆምህ?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዘው አውቶቡስ አይቆምም፤ ሊቆምም አይገባውም። ሾፌሩ ሰዓት አለበት፣ ተሳፋሪው ጉዳይ አለበት። ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ያስቆፈረውን ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ዋሻ ይገባል። በወዲያኛው አፍ ሲወጣ መጋረጃው ይዘጋል፣ ጉም መስኮቱን ይሸፍናል፣ ደብረ ሲና ትታለፋለች፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሰው ሁሉ ሹራቡን ያወልቃል። ከ1,800 ሜትር በላይ ወርደናል፤ ያወቅነው ነገር ቢኖር መሞቁን ብቻ ነው።

ስለዚህ ሐሳቤን በግልጽ ላስቀምጥ፤ በዚህ አገር የሚኖር፣ አቅሙ የፈቀደለት ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ ከጓደኞቹ ጋር መኪና ተከራይቶ ከደብረ ብርሃን እስከ ይፋት ቆላ ቀስ ብሎ ይውረድ። የሚከፈለው ገንዘብ የጎማውና የሞተሩ ዋጋ አይምሰለው። የሚገዛው የመቆም መብት ነው።

ቆሞስ ምን ያያል? በጣርማ በር ጫፍ ላይ የዝናብ ጠብታ ዕጣው ይለያል። ወደ ምዕራብ የፈሰሰው ወደ ጀማ ወርዶ ዓባይን ይቀላቀልና ወደ ሜዲትራኒያን ይጓዛል። ወደ ምሥራቅ የወረደው በአዋሽ በኩል አፋር ገብቶ፣ ባሕር ሳያይ በሐይቅና በበረሃ ይቀራል። በገደሉ ጠርዝ ጭላዳ ዝንጀሮ ሣር እየነጨ ይውላል፤ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የትም አይገኝም። ወደ መሐል ሜዳ ለሚታጠፍ ሰው ደግሞ የመንዝ ሕዝብ «ቀሮ» በሚባለው ሥርዓቱ ለዘመናት የጠበቀው ጓሳ አለ፤ ቀይ ቀበሮም እዚያ ትኖራለች። ቁልቁል ሲወረድ ገብሱ ለስንዴና ለጤፍ፣ ጤፉም ለማሽላና ለማሾ ቦታውን ይለቃል። ቆላው ከ1285 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወላስማዎች ሥርወ መንግሥት የገዛው ይፋት ነው። አርጎባዎች ዛሬም በዚያ አሉ፤ የኖራን የመሰሉ የጥንት ከተሞች የድንጋይ ፍርስራሾችም በኮረብቶቹ ላይ ይገኛሉ። ይህ ሁሉ በግማሽ ቀን መንገድ ውስጥ ነው።

«ኑሮው እንዲህ ከብዶ ሳለ የምን መኪና ኪራይ ነው?» የሚለኝ ወዳጅ እንዳለ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በባንክ መስኮት ጀርባ የሚውል ሰው የብርን ክብደት አይዘነጋም። ነገር ግን እኛ ለሠርግና ለምርቃት መኪና ስንከራይ አንቆጭም። ለአንድ ፎቶግራፍ ከምናወጣው ሩብ ያህሉን አምስት ጓደኛሞች በዕቁብ መልክ ቢያዋጡ ጉዞው ይሞላል። የመሬት አቀማመጥን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ የተማረ የሮቢት ልጅ ደጋና ቆላን በአንድ ቀን በገዛ ዓይኑ ቢያይ ትርፉ በየትኛው መዝገብ ይመዘገባል?

በእኛ አገር ኪራይ አብዛኛውን ጊዜ ከነሾፌሩ ነው፤ ጉዳቱ አይታየኝም። የዚያን ቁልቁለት ጠባይ የሚያውቅ የአካባቢው ሾፌር ማርሹን ዝቅ አድርጎ በሞተር ይዞ ይወርዳል እንጂ ፍሬኑን እስኪግል አይረግጥም። ደግሞም የቦታዎቹን ስም የሚያውቀው እሱ ነው። ብቻ አስቀድሞ መነጋገር ያሻል፤ ነዳጁ በማን ነው? የሾፌሩ አበልስ? ቦሎው ታድሷል? የሦስተኛ ወገን መድኑ አለ? ከሁሉ በላይ «በፈለግንበት እንቆማለን» የሚለው ቃል ከውሉ እንዳይቀር። ካልተባለ ሾፌሩም እንደ አውቶቡሱ ይሮጣል። በጉም ጊዜና በዋሻው አፍ ግን መቆም አይገባም፤ የመቆም መብት ሌላውን የመግደል መብት አይደለም።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደረሰ፤ ሰው ቤቱን ጥሎ በዚያው መንገድ ተሰደደ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ኖሯል። ስለዚህ ማንንም «ዛሬውኑ ተነሣ» አልልም፤ የመንገዱን ሰላም ሳይጠይቅ የሚወጣ ሰው የዋህ ነው። ይሁን እንጂ በእነዚህ ዓመታት ያደገ ልጅ ጣርማ በርን የሚያውቀው የሽሽትና የኬላ ስም አድርጎ ብቻ ነው። ይህ ልጅ ተራራውን ዳግመኛ በሰላም፣ ሳይቸኩል፣ ከመኪና ወርዶ ካላየው፣ ያ ሁሉ ውበት ለእርሱ ፍርሃት ሆኖ ይቀራል። አገር መውደድ በዘፈን ብቻ አይመጣም፤ ያላዩትን መውደድም ይከብዳል።

መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን እንግዲህ አዋጡ፣ ተከራዩ፣ ልጆቹን ይዛችሁ ውረዱ፤ ከመንገድ ዳር የሱፍ ቆብ የሚሸጠውንም ልጅ በመስኮት አትለፉት፣ ወርዳችሁ አነጋግሩት።

ጉም የለበሰው በር ዝም ብሎ የቆመ፣
ስንቱን አሳለፈ፣ ስንቱን ተሸከመ!
ቁልቁል የምትወርድ መንገደኛ ወንድሜ፣
አገርን ሳያዩ ማለፍ ነው ሕመሜ።