ዲጂታል ቶክን ከመግዛት አስቀድሞ ሊመረመሩ የሚገባቸው የደኅንነት ሥጋቶች

መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም «ሃምስተር ኮምባት» የተሰኘው የቴሌግራም ጨዋታ ቶክኑን ለተጫዋቾቹ አከፋፈለ። በኢትዮጵያም ወራት ሙሉ ስልካቸውን ሲነካኩ የከረሙ ወጣቶች የደረሳቸው ገንዘብ ከጠበቁት እጅግ ያነሰ ሆነባቸው። አብዛኞቹ የከሰሩት ጊዜያቸውን ነበር። ጤፍ ወይም ሰንጋ ሸጦ ባጠራቀመው ብር ቶክን ለሚገዛ የደብረ ማርቆስ ወይም የደጀን ነዋሪ ግን ኪሳራው በጊዜ ብቻ የሚወሰን አይደለም።

በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው የሕጉ አቋም ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም ባወጣው መግለጫ፣ የአገሪቱ ሕጋዊ ገንዘብ ብር መሆኑንና በክሪፕቶከረንሲ ክፍያ መፈጸም ሕገወጥ መሆኑን አስታውቋል። በባንክ የተቀመጠ ገንዘብ በተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ አማካይነት እስከ 100,000 ብር ድረስ ዋስትና አለው። ቶክን ግን እንዲህ ያለ ዋስትና የለውም።

ሁለተኛው ጉዳይ ቶክኑ የተሠራበት የኮምፒውተር ትእዛዝ ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም በታዋቂው የኮሪያ ተከታታይ ፊልም «ስኩዊድ ጌም» ስም የወጣ ቶክን ዋጋው ከ2,800 ዶላር በላይ ደርሶ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ዜሮ ወርዷል። ገዢዎቹ መግዛት እንጂ መሸጥ አልቻሉም ነበር። አዘጋጆቹም ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይዘው ተሰውረዋል። ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው የዋጋ መናር ብቻውን የጤናማነት ማስረጃ አይሆንም።

ሦስተኛው የአባላት ምልመላ ነው። «ዋንኮይን» የተባለው ሐሰተኛ ገንዘብ ዓለም አቀፍ ገዢዎችን ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያሳጣው አባል አባልን እየመለመለ በመስፋፋቱ ነው። ወሬውን ያመጣው ወዳጅ ወይም ዘመድ መሆኑ ጥርጣሬን ያለዝባል፤ አምጪው ራሱ ግን የተታለለ ሊሆን ይችላል።

በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱን ሳያይ ገንዘቡን እንደማይቆጥር ሁሉ፣ ቶክንም ከመገዛቱ በፊት የሚከተሉት ሊጣሩ ይገባል፦

• የአዘጋጆቹ ማንነትና አድራሻ በግልጽ ይታወቃልን?
• ገዢው በፈለገ ጊዜ መሸጥ ይችላልን?
• አዘጋጆቹ እንዳሻቸው አዲስ ቶክን ማውጣት ይችላሉን?
• አብዛኛው ቶክን በጥቂት ሰዎች እጅ ነውን?
• የኮዱን ደኅንነት ገለልተኛ አካል መርምሮታልን?
• ቋሚ ትርፍ ወይም አዲስ ሰው ላመጣ ኮሚሽን ቃል ተገብቷልን?

የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች ምላሽ ካጡ፣ ወይም የመጨረሻው ምላሽ «አዎ» ከሆነ፣ ገንዘብን ከእጅ አለማውጣት ይመረጣል። የዲጂታል ቦርሳ መክፈቻ የሆኑት 12 ወይም 24 ምስጢራዊ ቃላትም «እናግዝዎ» ለሚል ለማንም ሊነገሩ አይገባም፤ ቃላቱን ያወቀ ሰው ገንዘቡን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ሊያዛውር ይችላል፤ የተዛወረውንም የሚመልስ ባንክ የለም።

የተታለሉ ዜጎች የባንክ ደረሰኝ፣ የመልእክት ልውውጥና የስልክ ቁጥሮችን ሳያጠፉ ይዘው በአቅራቢያቸው ለሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ ፈጥነው ማመልከት ይኖርባቸዋል።